የባለቤት ስም

በጥር መጨረሻ ክር ፋብሪካው ሲሸጥ
ገዢዎቹ መጡ ንብረቱን ሊቆጥሩ፤
ማሽን አንድ፣ ሁለት፣ ጣሪያው፣ ግንብ አጥሩ፣
የዘበኛው ጎጆ፣ የውሻው ሰንሰለት፣
ሰማንያ ሦስት በርሜል፣ አንድ አሮጌ ሚዛን፤
ኳስ ቡድናችን ግን ሳይጻፍ ታለፈ፣
እንደ ሸረሪት ድር ጥግ ላይ ተረፈ።

«ድርና ማግ» ነው ስሙ። አቃቂ፣ ከሐዲዱ በታች፣
ሜዳው በክረምት ማጥ፣ በበጋ አቧራ።
አንዴ ዋንጫ በልተናል፤ እሱም እጀታው ወልቋል፤
ግን አባቴ ለዚያች ጎል ሲዘል
ደሞዙን ከነፖስታው ጥሏል።

ቅዳሜ ከሰዓት የእድር ድንኳን ተውሰን ተሰበሰብን።
«ማን ሞተ?» ይላል መንገደኛው፣ ነጠላውን እያዘቀዘቀ፤
«ገና ነው!» ስትል ሽታዬ፣ ቲኬት ቆራጯ፣
ድንኳኑ በሳቅ ወደቀ።

ጽሕፈቱ ያምራል ብለው ደብተሩን ለኔ ሰጡኝ፤
ባጃጅ ነጂ ነኝ እንጂ ቃለ ጉባኤ መቼ ያዝኩኝ!
«አጀንዳ አንድ፦ ባለቤቱ ማነው?» ብዬ ጻፍኩ፣
እስክሪብቶዬ እዚያው ቆመ።

መኩሪያው፣ ባለ ብሎኬቱ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፦
«መቶ ሺህ እኔ አዋጣለሁ፤ ድምፄ ግን አሥር ይሁን።»
ዝም።
ንፋስ ሸራውን ሲያርገበግበው ይሰማል።
አንዳንዱ ጫማውን አየ፤ መቶ ሺህ ቀላል ነው እንዴ?
ማልያ፣ ትራንስፖርት፣ የበረኛው ጉልበት ከነመርፌው።

ጋሽ በዳሳ፣ ሠላሳ ዓመት የቡድኑን ልብስ ያጠበው፣
ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ቃሉን እንደ ማልያ ጨምቆ ዘረጋው፦
«የአምበሉም የተቀያሪውም ጭቃ አንድ ነው ውኃው ሲጠቁር።
ብርህን ስጠን፣ እንመርቅሃለን፤ ድምፅህ ግን እንደኔው አንድ ይሁን፤
አሥር እጅጌ ያለው ማልያ አላጠብኩም እስካሁን።»

እጅ ወጣ። ቆጠርኩ። ተሳሳትኩ። እንደገና ቆጠርኩ።
መቶ አርባ ሰባት። በወር ሃምሳ ብር፣ አንድ ሰው አንድ ድምፅ።
መኩሪያውም እጁን አወጣ፣ ቆይቶ፣ እስከ ክርኑ ብቻ።

ሰኞ ወረዳ ሄድን። «ነገ ኑ።» ሄድን። «ኔትወርክ የለም።»
ሐሙስ አንዲት ልጅ ቅጹን በመስኮት አቀበለችን።
«የባለቤት ስም» ይላል፤ ነጠብጣቡ አንድ መስመር ነው።
«የሁላችሁ አይበቃም፣ አንድ ሰው ምረጡ» አለችን።
ሽታዬ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ጫፉ ላይ ተሰበረ፤
ስንሸጥም የተሸጥነው በአንድ መስመር ላይ ነበረ።

«አባሪውን ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩ፤
ስድስት ገጽ ስም ከጀርባው በስቴፕለር ሰፋሁበት፣
አንደኛው ገጽ የጋሽ በዳሳ አውራ ጣት ያረፈበት።
ማህተሙ ሲመታ ጠረጴዛው ጓ አለ።

የመጀመሪያው ግጥሚያ እሑድ ጠዋት፣ ከገላን ልጆች ጋር።
በሰባተኛው ደቂቃ ተከላካያችን ተንሸራተተ፤
ሁለተኛው ፍጹም ቅጣት ምት ነው፣ እሱን እንኳ አላወራም።
ሰማንያኛው ላይ አንድ ድምፅ በልማድ ከኋላ ጮኸ፦
«ባለቤቱ ይውረድ! ባለቤቱ ይውረድ!»

ሜዳው ዳር ጸጥ።
መቶ አርባ ሰባት ሰው ዞሮ ጎረቤቱን አየ፣
ከዚያ ራሱን።
ማን ይውረድ? ወዴት ይወረዳል?
መሬት ላይ ነን እኮ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠን!
መኩሪያው ነበር የጮኸው፤
አፉን በስካርፉ ሸፍኖ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።
ሳቁ ከሱ ተነሥቶ እስከ በረኛው ደረሰ፣
ሦስተኛው የገባብን ያኔ ነው።

ሰው ሲበተን ማካፋት ጀመረ።
መረቡ እንደተሰቀለ ቀርቷል።
ድሮ ቢሆን አልፌው እሄዳለሁ፤ የማን ነው? የፋብሪካው።
ባጃጄን አቁሜ ተመለስኩ፣
ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁ፣ ጭቃ ጭቃ ይላል።
አንድ ቦታ ተቀዷል።
ነገ እሰፋዋለሁ፤ ቤት የአባቴ ክር አለ፣
ከፋብሪካው የመጣ፤
እንዴት እንደመጣ አይጠየቅም።